ተገጣጣሚው የካርቶን መለያ መስመር በገላኑ መጋዘናችን፦ የአሥራ አራት ወር አገልግሎት ምዘና

ከቃሊቲ ተነሥቶ በገላን በኩል ወደ ዱከም የሚወስደውን አሮጌ መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የቆርቆሮ ሼዶች ልብ ሳይል አያልፍም። በጅቡቲ በኩል ገብቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰው ዕቃ ብዙው ወደ መርካቶና ወደ ሌሎቹ የከተማዋ ገበያዎች ከመግባቱ በፊት የሚያርፈው በእነዚህ ሼዶች ውስጥ ነው። እኔ የምሠራበትም ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ መጀመሪያ 20 ሜትር በ60 ሜትር የነበረ የኪራይ ሼድ ሲሆን፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ ብስኩትና የጽሕፈት መሣሪያ ተቀብለን በ28 የማከፋፈያ መስመሮች ለሱቆችና ለጅምላ ሻጮች እንልካለን። ይህን ምዘና የምጽፈው ላለፉት 14 ወራት ስለተጠቀምንበት አውቶማቲክ የካርቶን መለያ መስመር፣ እንዲሁም መስመሩን ስለነደፈልን፣ ስለተከለልንና ጥገናውን ስለሚከታተለው ድርጅት አገልግሎት ነው። ከምስጋናው ጎን ቅሬታም ስላለኝ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ፍላጎቴ በጠባብ ሼድ የሚቸገር ሌላ የመጋዘን ኃላፊ ውል ከመፈረሙ በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ከዚህ በፊት ካርቶን የምንለየው በጠመኔ ነበር። ወለሉ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን እናሰምርና መሐሉ ላይ ሳሪስ፣ ጀሞ፣ አያት፣ መገናኛ፣ ቢሾፍቱ፣ አዳማ እያልን እንጽፋለን፤ ሠራተኛው ከመደርደሪያ የወረደውን ካርቶን ተሸክሞ ወይም በእጅ ጋሪ ገፍቶ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት እያነበበ በየቦታው ያስቀምጣል። 28ቱ አራት ማዕዘኖች ብቻቸውን 252 ካሬ ሜትር ይይዙ ነበር፤ መተላለፊያው ሲጨመር 390 ካሬ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ይህም የሼዱ ሲሶ ነው። ቀን ሙሉ ሲሞላ የሚውለው ቦታ አይሱዙዎቹ ጭነው ሲወጡ ባዶውን ያድራል፤ ባዶ በሆነበት ሰዓትም ኪራዩ አይቆምም። በክረምት ደግሞ በጫማ የሚገባው ጭቃ ጠመኔውን ስለሚያጠፋው፣ የጀሞው ካርቶን አያት ሄዶ በማግሥቱ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነበር። በመዝገባችን እንደሚታየው በቀን ከ20 እስከ 25 ካርቶን ያለ ቦታው ይሄድ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ በመዝገብ የሚሰፍር ቁጥር ነው፤ ባለሱቁ ዘንድ ግን ለልጇ ዳይፐር ልትገዛ የመጣች እናት ባዶ እጇን መመለሷ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ሰፋ ያለ ሼድ መከራየትን ነበር። ሐሳባችንን ያስቀየረን የነዳፊው ድርጅት ባለሙያዎች ያደረጉት የመጀመሪያ ጥናት ነው፤ በዚህ ሥራቸው ያለኝን አክብሮት ከሁሉ አስቀድሜ መግለጽ እፈልጋለሁ። የማሽን ሥዕል ይዘው አልመጡም፤ ይዘው የመጡት ሜትርና የሰዓት መቆጣጠሪያ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሼዱ ውስጥ ቆመው እያንዳንዱ ካርቶን ከመደርደሪያ ከወረደበት ቅጽበት አንሥቶ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ስንት ደቂቃ ወለል ላይ እንደሚቀመጥ መዘገቡ። ውጤቱን ሲያሳዩን አፈርን፤ አንድ ካርቶን በእጅ የሚነካው በድምሩ ከሁለት ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ ተራውን እየጠበቀ ወለል ላይ የሚቆየው ግን በአማካይ ከአራት ሰዓት በላይ ነበር። ሲሶውን ሼዳችንን የበላው ይህ ተራ ጠባቂ ካርቶን መሆኑን ያኔ ተረዳን። ከዚያ በኋላ በንድፉ ላይ የተደረገው ውይይት ሁሉ ማሽኑ ስንት ካሬ ሜትር ይይዛል ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ ካርቶኑ ወለል ላይ የሚቆይበትን ሰዓት እንዴት እናሳጥር በሚለው ላይ ያተኮረ ሆነ።

ከጠየቁን ጥያቄዎች አንዱ ያኔ አስገርሞኝ ነበር፤ ሼዱ ከባሕር ወለል በላይ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ጠየቁ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ግን ተገቢ ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። በፋብሪካ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ኢንቨርተሮች (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች) ኃይላቸው የሚለካው በተለምዶ እስከ 1000 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀታቸውን በሚገባ አያስወግዱም፤ በዚህም የተነሣ ከተጻፈባቸው ኃይል ዝቅ ብለው እንዲሠሩ ይደረጋል። የእኛ አካባቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ከሆነም ችግሩ ይብሳል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ተለቅ ያለ መሆን ይኖርበታል፤ ቦታም፣ ድምፅም፣ ኤሌክትሪክም ይጨምራል። ስለዚህ ካርቶን በፒስተን እየገፉ የሚለዩትን መሣሪያዎች ትተው፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር አቀረቡልን። ከዚያ በፊት ያነጋገርናቸው ሁለት አቅራቢዎች ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላነሡትም ነበር።

ሌሎች አማራጮችንም በአንድነት አይተናል። እያንዳንዱን ዕቃ በራሱ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ተሸክሞ በቀለበት መንገድ የሚዞረው ሥርዓት በሰዓት ከ10,000 በላይ ዕቃ መለየት የሚችል በመሆኑ ለትልልቅ የፖስታና የጥቅል አመላላሽ ድርጅቶች የሚመች ነው፤ በቀን 3,600 ካርቶን ለሚልክ መጋዘን ግን ከአቅም በላይ ከመሆኑም በላይ አንዴ ከተተከለ የሚነቀል አይደለም። ዕቃ ተሸክመው ወለል ላይ የሚመላለሱት ትንንሽ ሮቦቶች ቁጥራቸውን እንደ ሥራው መጠን መጨመርና መቀነስ ስለሚቻል በጣም ማርከውኝ ነበር፤ ነገር ግን ለስላሳና የተስተካከለ ወለል ይፈልጋሉ፤ የእኛ ሲሚንቶ የተሰነጣጠቀና በበጋ አቧራ የማያጣ ነው። መድኃኒትና ኮስሜቲክስ በትንንሹ ለሚያከፋፍል ሰው ደግሞ፣ ባለብዙ ኪስ መደርደሪያ ላይ መብራት እየበራ ሠራተኛው ዕቃውን የት እንደሚከት የሚያሳየው አሠራር ከእኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ቦታውም ገንዘቡም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ሙሉ ርዝመቱ 22 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከሆኑ የሮለር ክፍሎች፣ ማለትም እየዞሩ ካርቶኑን ወደፊት ከሚያንከባልሉ ክብ ዘንጎች፣ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የሚቆለፍ ጎማ ባላቸው አራት እግሮች ላይ ይቆማል፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዘው በሁለት ብሎንና በአንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ነው። ሞተሮቹ በሮለሮቹ ሆድ ውስጥ የተቀበሩ ባለ 24 ቮልት ሞተሮች ናቸው፤ ካርቶን ሲቀርባቸው ይነሣሉ፤ ሲያልፍ ይቆማሉ። ስለዚህ መስመሩ ባዶ ሲሆን ጸጥ ይላል፤ ሰው ከሰው ሳይጮህ ይነጋገራል። ሙሉ መስመሩ በሥራ ላይ ሆኖ የሚወስደው ኃይል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ያነሰ ነው፤ መብራት ሲጠፋም የነበረችን ትንሽ ጀነሬተር ትበቃዋለች።

መለየቱን የሚሠሩት አምስት አቅጣጫ ቀያሪዎች ናቸው። እነዚህ ከሮለሮቹ መሐል ትንሽ ብቅ ያሉ፣ ላስቲክ የለበሱ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ መንኮራኩሮች ሲሆኑ፣ ስካነሩ የካርቶኑን ባርኮድ አንብቦ የሚሄድበትን ካወቀ በኋላ በረድፍ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ጎን ቆሞ ለሚያያቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ያዞሩ ይመስላሉ፤ ካርቶኑም ሳይመታና ሳይገፈተር ታጥፎ ይወጣል። ብስኩት ለምናከፋፍል ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ቀያሪ በግራና በቀኝ የሚነሡት አሥሩ መውጫዎች እንደ አኮርዲዮን የሚሳቡና የሚሰበሰቡ ናቸው፤ ሲሠሩ 3 ሜትር ያህል ይዘረጋሉ፤ ሥራ ሲያልቅ ተገፍተው ከ1 ሜትር ባነሰ ቦታ ይታጠፋሉ፤ ፎርክሊፍቱም በዚያ በኩል ያልፋል። በመስመሩ ወገብ ላይ እንደ ጠረጴዛ ክዳን ወደ ላይ የሚነሣ አንድ ክፍል አለ፤ የዲስፓች ኃላፊያችን በአንድ እጇ የማጓጓዣ ወረቀቶቿን ይዛ በሌላው ከፍ አድርጋው ታልፋለች፤ ክፍሉ በተነሣ ጊዜ ወደዚያ የሚመጣው ካርቶን ራሱ ቆሞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም፤ 28 የማከፋፈያ መስመር ያለው ድርጅት በአሥር መውጫ እንዴት ይሠራል? የንድፉ ዋና ብልሃት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን መውጫ እንስጥ ቢባል 14 ቀያሪዎች ያስፈልጉ ነበር፤ በየመውጫው ሥር 1 ሜትር በ1.20 ሜትር የሆነ ፓሌትና የሰው መተላለፊያ ስለሚያስፈልግ፣ በቀያሪና በቀያሪ መካከል ወደ 2.50 ሜትር ርቀት ይኖራል። ከማስገቢያውና ከስካነሩ ጋር መስመሩ ከ40 ሜትር በላይ ይረዝምና ከያዝነው የጠመኔ ሜዳ የማይሻል ቦታ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ቀኑን በሦስት ዙር ከፈሉት። በመጀመሪያው ዙር ሩቅ የሚሄዱት፣ ማለትም የአዳማ፣ የቢሾፍቱና የመሰሎቻቸው ካርቶኖች ይለያሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር የከተማውን ይለያሉ። ቁም ነገሩ፣ የሁለተኛው ዙር ካርቶን ዙሩ እስኪደርስ ድረስ ከመደርደሪያው አይወርድም። መደርደሪያ ላይ አራት ደርብ ተደራርቦ የሚጠብቅ ካርቶን ወለል ላይ ቢዘረጋ ከሚወስደው ቦታ ሩቡን ብቻ ነው የሚይዘው። መውጫ በቀነሱ ቁጥር ዙር ይበዛል፤ ዙር በበዛ ቁጥር በየመሐሉ ፓሌት ለማንሣትና ለመተካት የሚጠፋው ጊዜ ይጨምራል። ለእኛ በዙሮች መካከል 15 ደቂቃ ያህል ይጠፋል፤ ይህን ጊዜ ከፍለን ቦታ ገዛን ማለት ነው።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። የመለያው ሥራ ከ390 ካሬ ሜትር ወደ 165 ወርዷል። በተረፈው 225 ካሬ ሜትር ላይ ተጨማሪ መደርደሪያ አቁመናል። ቀድሞ ዘጠኝ ሰው በስምንት ሰዓት የሚጨርሰውን 3,600 ካርቶን፣ አሁን አምስት ሰው ዙር ለመቀየር የሚጠፋውን ጊዜ ሳይጨምር በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ያለ ቦታው የሚሄደው ካርቶን በቀን ወደ ሁለትና ሦስት ወርዷል። ውሉ ላይ ግን በሰዓት 1,500 ካርቶን ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እኛ የደረስንበት ከ1,000 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ማሽኑ አቅሙ አላነሰውም። ልዩነቱ የሚመጣው ከማስገቢያው ነው፤ እዚያ የቆመው ሰው ካርቶኑን አንሥቶ፣ ባርኮዱን ወደ ላይ አዙሮ፣ በልኩ አራርቆ ለማስቀመጥ ሦስት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም በሰዓት ከ1,200 አያልፍም። አቅራቢው የማሽኑን ፍጥነት የሥርዓቱ ፍጥነት አድርጎ ማቅረብ አልነበረበትም። ውል የምትፈርሙ ሰዎች፣ ቁጥሩ የተለካው በስንት አስገቢ ሰው እንደሆነ በጽሑፍ አስገልጹ።

ሰዎቹ ምን ሆኑ ለሚለው፣ ከመለያው የተነሡት አራቱም ዛሬ ከእኛው ጋር ናቸው፤ ሦስቱ አዲሶቹን መደርደሪያዎች ይዘዋል፤ አንዱ የመስመሩን ጥገና ተምሮ ዋና ተንከባካቢው ሆኗል። በዕድሜ ትልቁ ጫኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መስመሩ በተተከለ ሰሞን በጥርጣሬ ርቀው ይመለከቱት ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ወገቤን ይዤ ሳልቃትት ቤቴ የገባሁት ስንት ዓመቴ መሰለህ» አሉኝ። እኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ አስበልጬ የያዝኩት ይህን ነው።

የመስመሩ ተነቃይነት በወረቀት ላይ ያለ ምኞት ነው ወይስ እውነት የሚለው የታየው በስምንተኛው ወር ነው። አከራያችን የሼዱን የፊተኛውን 8 ሜትር ለሌላ ተከራይ ለመስጠት ወሰኑና በሁለት ሳምንት እንድንለቅ ጠየቁን፤ የማስገቢያው ጫፍና ስካነሩ የቆሙት ልክ እዚያ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ ጀምረን፣ ከድርጅቱ በመጡ ሁለት ቴክኒሻኖችና በስድስት የእኛ ሰዎች መስመሩን ፈታን፤ ክፍሎቹን በጎማቸው እየገፋን ወሰድን፤ ቀጥ ያለውን መስመር ባለ 90 ዲግሪ ማጠፊያ ጨምረን በምሰሶዎቹ መሐል ኤል ቅርጽ አስያዝነው። እሑድ ማታ ባዶ ካርቶን እያስገባን ሞከርነው። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ዙር የወጣው ከተለመደው ሰዓት 40 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ነው። ወለል ተቆፍሮ በብሎን የታሰረ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ የሁለት ቀን ሥራ የሳምንታት ሥራ በሆነ ነበር። በኪራይ ሼድ ውስጥ ለሚሠራ ሰው፣ እኛም አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን፣ ከፍጥነት ይልቅ ይህ ባሕርይ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የውሉ ዘመን አጭር ነው፤ ማሽኑ ግን አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

በገንዘብ በኩልም ያው ባሕርይ ረድቶናል። የመጀመሪያው የዋጋ ማቅረቢያ የመጣልን ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ሙሉውን መስመር በአንድ ጊዜ መግዛት የማይታሰብ ሆነ። ድርጅቱ በሦስት ቀያሪ ጀምረን ቆይተን ሁለቱን እንድንጨምር ተስማማ። አራት ወር በስድስት መውጫ፣ በአምስት ዙር ሠራን፤ አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን ሠርተናል። የተቀሩት ሁለቱ ሲመጡ መስመሩን አንድ ቀን አቁሞ መሐሉ ላይ ማስገባት ብቻ በቂ ሆነ።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያው ከንድፍ የመጣ ነው። የሼዱ ዋና በር ወደ ምዕራብ ይከፈታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባው ፀሐይ በሦስተኛውና በአራተኛው መውጫ ሴንሰሮች ላይ ቀጥታ ታርፍ ነበር፤ ሴንሰሩ ካርቶን የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም እያለ መስመሩን ያቆመዋል። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ለምን እንደሚቆም ለማወቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን፤ ምክንያቱን ያገኘው ጥላውን ሲከተል የዋለ አንድ የእኛ ሠራተኛ ነው። መፍትሔው ሰፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ከቆርቆሮ የሠራልን ትንንሽ ጥላ ነበር። ከፍታን የጠየቀ ነዳፊ በሩ ወዴት እንደሚከፈትም መጠየቅ ነበረበት። አቧራውም እንዲሁ ነው፤ በበጋ የሴንሰሮቹን አንጸባራቂዎች በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ ካልወለወልን ከሰዓት በኋላ ይሳሳታሉ፤ ይህን የሚናገር አንድም መስመር መመሪያቸው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ለስላሳ ዕቃ ነው። በፌስታል የታሰረ ሶፍት፣ በማዳበሪያ የመጣ ዕቃ፣ የታችኛው ክዳኑ የላላ ካርቶን፣ እነዚህ ሁሉ በመንኮራኩሮቹ መሐል ይጎተታሉ ወይም ይሰነቀራሉ። አሁን እንዲህ ያለውን ሁሉ ባርኮድ በተለጠፈበት የፕላስቲክ ሳጥን ከትተን ነው የምናስገባው፤ ሳጥኖቹን ከየመውጫው እየሰበሰቡ መመለስ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ከዕቃችሁ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያለ ካርቶን ያልሆነ ዕቃ ከሆነ ይህን ዓይነት መስመር አትግዙ፤ ለእኛ ከአሥር አንድ ብቻ ስለሆነ ተችሏል።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። ረጅም መጥፋት አያስቸግርም፤ ጀነሬተር አለ። የሚያስቸግረው ብልጭ ብሎ የሚመለሰው ነው። መቆጣጠሪያው በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ ሲነሣ መስመሩ ላይ ያሉት ካርቶኖች የት እንደሚሄዱ ይረሳዋል፤ ሁሉንም አንሥቶ እንደገና ማስገባት ግድ ይሆናል። በሁለተኛው ወር ለመቆጣጠሪያውና ለስካነሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ፣ አስገጠምን፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሮቹ ቢቆሙም ትዝታው አይጠፋም፤ መብራት ሲመለስ ሠራተኛው አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ካቆመበት ይቀጥላል። የሰው እጅ መሐል ላይ ሊኖር ስለሚችል ሳይነካ ራሱ እንዳይነሣ መደረጉ ትክክል ነው። ዩፒኤሱ ግን ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ መካተት ነበረበት፤ ባለሙያዎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ የቮልቴጅ መለኪያ አስቀምጠው ውጤቱን በዓይናቸው አይተዋልና።

አራተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ግን የአንድ ቀን ሥራችንን አበላሽቷል። ስክሪኑ የመጣው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። የሁለተኛው ዙር ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት እንዲጀምር የዕለቱ ተረኛ 8 ብላ አስገባች፤ ማሽኑም በራሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሁለተኛውን ዙር ዝርዝር ከፈተ። የአዳማና የቢሾፍቱ ካርቶን ሁሉ እንደማይታወቅ ዕቃ ተቆጥሮ በመስመሩ መጨረሻ ወዳለው የጉድለት መውጫ ይወርድ ጀመር። ልጅቷ ምንም ጥፋት አልነበረባትም፤ እኛ አገር 8 ሰዓት 8 ሰዓት ነው። ካመለከትን በኋላ ዙሩ በሰዓት መሆኑ ቀርቶ በቁጥር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ በቁልፍ እንዲከፈት አደረጉልን፤ የመስመሮቹንም ስም በፊደል እንድንጽፍ አስተካከሉ። የአደጋ ማቆሚያ ቁልፎቹንና ማስጠንቀቂያዎቹን ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈን የለጠፍናቸው እኛው ነን። ማሽኑን የሚያዘው ሰው የሚያነበው ቋንቋ ከደኅንነት መሣሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ መቆጠር አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ ቅሬታ የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ውሉ ማንኛውም መለዋወጫ በ72 ሰዓት ይቀርባል ይላል። በአሥረኛው ወር አንድ ባለሞተር ሮለር ተቃጠለ፤ በእጃቸው አልነበረም፤ ከውጭ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት ያንን ክፍል በእጅ እየገፋን ሠራን፤ መስመሩ ጨርሶ ያልቆመው ተገጣጣሚ በመሆኑና ከመጨረሻው መውጫ አንድ ሮለር አውጥተን ወደ መሐል በማስገባታችን ነው። ሮለርን ከሮለር የሚያገናኙት የላስቲክ ቀለበቶችም ሲበጠሱ መርካቶን ዞረን ልካቸውን አላገኘንም። በስልክ ስንደውል በትሕትና ያነጋግሩናል፤ ቴክኒሻኖቹም ሲመጡ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ሠራተኞቻችንን በትዕግሥት የሚያስተምሩ ናቸው። ነገር ግን ትሕትና የተቃጠለ ሮለር አይተካም። ከዚያ ወዲህ በገዛ ገንዘባችን ሁለት ባለሞተር ሮለር፣ ሃያ የላስቲክ ቀለበት፣ ሁለት ሴንሰርና አንድ የኃይል ሳጥን ገዝተን በቁልፍ ካቢኔ ውስጥ አስቀምጠናል።

አንድ ነገር ደግሞ የማሽኑ ጥፋት ባይሆንም ማንሣት ይገባኛል። መስመሩ የሚያውቀው ባርኮድን ብቻ ነው። ከምንቀበላቸው የአገር ውስጥ አምራቾች አንዳንዶቹ ካርቶናቸው ላይ ባርኮድ የለም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ክዳኑ በሚታጠፍበት ላይ ያትሙታል። ስለዚህ ዕቃ ስንቀበል የራሳችንን መለያ አትመን እንለጥፋለን፤ ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ነው፤ ወጪውን ስናሰላ አልቆጠርነውም ነበር። መለያውን ሁልጊዜ በካርቶኑ ራስጌ፣ ከጠርዙ አራት ጣት ገባ አድርጎ መለጠፍ ከጀመርን ወዲህ ስካነሩ ሳያነብ የሚያልፈው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አራት ጣት የሚለውን ልክ ያወጣችው ለጣፊዋ ናት፤ ድርጅቱም አሁን ለሌሎች ደንበኞቹ በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ እንዳስገባው ነግሮናል።

በድምሩ ለንድፉ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለመሣሪያው ጥራት አራት፣ ለተከላና ለሥልጠና አራት ተኩል፣ ለመለዋወጫ አቅርቦት ሁለት እሰጣለሁ። በቀን ከ2,000 እስከ 6,000 ካርቶን ለሚልክ፣ በኪራይ ሼድ ለሚሠራና ዕቃው በአብዛኛው ደረቅ ካርቶን ለሆነ ማከፋፈያ መስመሩን ሳላመነታ እመክራለሁ። ዋስትናችን ከአራት ወር በኋላ ያበቃል። ለቀጣዩ የጥገና ውል በላክንላቸው ረቂቅ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረናል፤ በካቢኔው ውስጥ ያለው መለዋወጫ የእነርሱ ንብረት ሆኖ እኛ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ የወጣውን ብቻ እንድንከፍል፣ የጎደለውንም በየወሩ እንዲተኩ የሚል ነው። እስካሁን አልፈረሙትም፤ በመጪው ማክሰኞ ሊያነጋግሩን ቀጠሮ ይዘዋል።